ማደስ ወይስ መጠገን?

አማርኛችን በአሮጌ ቤት ላይ የሚሠራውን ሥራ የሚጠራባቸው ሁለት ቃላት አሉት። አንደኛው «ማደስ»፣ ሁለተኛው «መጠገን» ነው። በዕለት ንግግራችን አንዱን በሌላው እየተካን እንገለገልባቸዋለን። ቀረብ ብሎ ላጤናቸው ግን ሁለቱ የተለያየ አሳብ የተሸከሙ ናቸው። ማደስ «አዲስ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ያረጀውን አዲስ ማድረግ፣ የነበረውን እንዳልነበረ አድርጎ እንደገና መጀመር ነው። መጠገን ደግሞ የወጌሻ ቃል ነው። ወጌሻ የተሰበረ እግር ይጠግናል እንጂ አዲስ እግር አይሰጥም። ሥራው የሚለካውም እግሩ የድሮውን በመምሰሉ ሳይሆን ባለቤቱን ይዞት በመሄዱ ነው። ስብራቱ የነበረበት ቦታ ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዛል፤ እግሩ ግን ይሄዳል።

ስሙ ራሱ «አዲስ» በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ማሰብ የሚገባው ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ከተማው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ሲከራከር ሰምተናል። አንዱ ወገን «ቅርሳችን ጠፋ» ሲል፣ ሌላው «ያ የበሰበሰ ጭቃ ምኑ ቅርስ ነው? እስቲ አንተ ግባና እደርበት» ይል ነበር። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለሚፈርስ ቤት አይደለም፤ ስለሚቆምና ሰው ስለሚኖርበት ቤት ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ እኛ ያልሠራነውን፣ ከእኛ በፊት ሌሎች ወልደው የከበዱበትን፣ አልቅሰው የተጽናኑበትን ቤት እንዳሻን የመለወጥ መብት አለን ወይ? ካለንስ ወሰኑ የት ላይ ነው?

ነገሩን በአየር ላይ እንዳላንጠለጥለው አንድ ቤት ልጥቀስ። በመሐል አዲስ አበባ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፎቅ ላይ የሚገኝ ነው። የዛሬዎቹ ነዋሪዎች ወዳጆቼ ናቸውና ቤቱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ሲሠራ ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ ነበር፤ ሰፊ ሳሎን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት መስኮቶች፣ የጣውላ ወለል፣ ከኋላ ወደ ጓሮ የሚያወርድ የብረት ደረጃ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ነበርና ይህም ቤት ወደ ቀበሌ ዞረ። ወዲያው ሳሎኑ መሐል ለመሐል በኮምፔንሳቶ ተከፈለና ሁለት ቤተሰብ ገባበት። ሁለቱም መስኮቶች የቀሩት በግራው በኩል ነው። በቀኝ በኩል ለገባው ቤተሰብ በር እንጂ መስኮት አልደረሰውም፤ ከአርባ ዓመት በላይ በቀትር አምፑል እያበራ ኖረ።

ሁለቱን እናቶች በስም አልጠራቸውም፤ ባለ ግራዋና ባለ ቀኟ ብዬ ልለፋቸው። ኮምፔንሳቶ ምን ዓይነት ግድግዳ እንደሆነ የቀበሌ ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ዓይንን ይከለክላል፤ ጆሮን ግን አይከለክልም። ባለ ግራዋ ወጥ ስታማስል ባለ ቀኟ ምን ወጥ እንደሆነ ትናገራለች። የአንዷ ልጅ ሌሊት ቢያስለው የሌላዋ እናት ትነሣለች። ቡና ሲፈላ መጥሪያው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ማድረግ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች በባለ ቀኟ በር መጡ። ልጇን ፈልገው ነው። ሴትዮዋ በሩን ከመክፈቷ በፊት በእጇ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታችው። የቡናው ምት ሁለት ነበርና ሦስተኛው ምን ማለት እንደሆነ ለባለ ግራዋ ለማስረዳት ቃል አላስፈለገም። ልጇን ቀሰቀሰችው፤ በብረት ደረጃው ወርዶ ሄደ። የባለ ቀኟ ልጅ ግን በዚያው ሌሊት ተወሰደና አልተመለሰም። ተርፎ የተመለሰው የግራው ልጅ አድጎ አገባ፣ ወለደ። የእርሱ ልጅ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለ ቀኟን የልጅ ልጅ አገባ። እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው ወዳጆቼ። ባለ ቀኟ ዐርፋለች፤ ባለ ግራዋ ሰማንያ ዓመት አልፏት አብራቸው ትኖራለች።

እንግዲህ ሁለቱ ቤቶች በጋብቻ አንድ ሲሆኑ ወጣቶቹ ቤቱን ለመለወጥ አሰቡ። ኮምፔንሳቶው ይነሣና በቦታው ተጣጥፎ ወደ ጎን የሚሰበሰብ የእንጨት በር ይግባ፤ ቀን ሲከፈት ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ይለፍ፣ ሌሊት ሲዘጋ ሁለት መኝታ ይሁን፤ ጠረጴዛውም አልጋውም ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ይሁን አሉ። ቀለሙንም መርጠዋል፤ ጨለማ የነበረው ክፍል የአደይ አበባ ቢጫ፣ መስኮት ያለው ወገን ደማቅ ሰማያዊ፣ በሩ ቀይ። ከወገብ በታች የተቀባው አረንጓዴ ዘይት ቀለም በቃው ተባለ። አሮጊቷ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «ግድግዳውን አትንኩብኝ።»

የልጅ ልጇ ተለማመጣት። «እማማ፣ ልጁ እኮ በጨለማ ነው የሚያድገው» አላት። «አባትህም በጨለማ ነው ያደገው» አለችው፤ «በዚያው ጨለማ ነው የተረፈውም።» ሚስቱ ዝም አለች። ግድግዳው የእርሷም አያት እጅ ያረፈበት ነውና ከየትኛው ወገን እንደምትቆም ለመናገር ተቸገረች። ከዚያ «አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ» ብለው ነገሩን ወደ እኔ አመጡት። የፈረድሁት ፍርድ የለም። ያሰብሁትን ግን እጽፋለሁ።

*

የወጣቶቹ የመጀመሪያ መከራከሪያ ጠንካራ ይመስላል። «ቤቱ ሲሠራ አንድ ሳሎን ነበር፤ እኛ ወደ ጥንቱ መለስነው እንጂ አላበላሸነውም» ይላሉ። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሕንፃው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ቢሠራ፣ ሳሎኑ ሳይከፈል የቆየው 37 ዓመት ገደማ ነው። በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ የኖረው ግን 50 ዓመት ሞልቶታል። «ባዕድ» የተባለው ግድግዳ «ጥንታዊ» ከተባለው ሳሎን ይልቅ ዕድሜ ጠግቧል ማለት ነው። ታዲያ ጥንት የምንለው የትኛው ነው? ጣሊያናዊው መሐንዲስ በወረቀት ላይ ያሰመረው ነው ወይስ ሁለት ኢትዮጵያውያት እናቶች የኖሩበት?

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሰዎች ተጣልተውበታል። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ሥነ ሕንፃ በሚናገር መጽሐፉ፣ አሮጌ ሕንፃን ወደ ቀድሞው እንመልሳለን ማለት ሕንፃውን ከማጥፋት የከፋ ነገር ነው ብሎ ተከራከረ። በእርሱ አስተያየት የሞተን ሰው ማስነሣት እንደማይቻል ሁሉ ያለፈ እጅ የሠራውንም መልሶ መሥራት አይቻልም፤ የሚቻለው እንዳይወድቅ መደገፍ፣ ሲወድቅም በክብር እንዲወድቅ መተው ነው። ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ ደግሞ የተቃራኒው ጎራ አለቃ ነበር። ሕንፃን መመለስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ኖሮት ወደማያውቅ ምሉዕ መልክ ማድረስ ነው ይል ነበር። ብሎም አልቀረም፤ በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ላይ በመካከለኛው ዘመን ከነበረው የተለየ የራሱን ሹል ማማ በ1859 እ.ኤ.አ. አቆመ።

የታሪክን ቀልድ ተመልከቱ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ያ ማማ ተቃጥሎ ሲወድቅ በቴሌቪዥን ያየ የዓለም ሕዝብ «ጥንታዊው ማማ ወደቀ» ብሎ አለቀሰ። ያለቀሰለት ግን አንድ ሰው በቅርብ ዘመን ከአሳቡ አውጥቶ የጨመረው ነበር። እንደገና ሲሠራም ያው የእርሱ ቅርጽ ተመልሶ ቆመ፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ትናንት ጭማሪ የነበረው ዛሬ ቅርስ ሆነ። እንዲህ ከሆነ የቀበሌውስ ኮምፔንሳቶ ምን ጎደለው? ድህነቱ ነው? ከከበረ ድንጋይ ሳይሆን ከተጣበቀ ስስ እንጨት መሠራቱ ነው? በ1964 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተር፣ በአንድ ሕንፃ ላይ የየዘመኑ ሰው ያኖረው ድርሻ መከበር እንዳለበት፣ የጥገናም ዓላማ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ እንዳልሆነ ይናገራል። ቻርተሩ «የሀብታሞች ድርሻ ብቻ» አላለም።

እስካሁን ላየው ሰው የአሮጊቷን ወገን የያዝሁ እመስላለሁ። ነገር ግን ሌላም ወገን አለ።

*

በኔዘርላንድ ዩትሬክት ከተማ አንድ ትንሽ ቤት አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ትሩስ ሽሮደር የምትባል ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት፣ በመጀመሪያ የቤት ዕቃ አናጢ የነበረውን ኼሪት ሪትፌልትን ይዛ ያሠራችው ነው። ከላይኛው ፎቅ ላይ የቆመ ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። ቀን አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ሌሊት ተንሸራታች መከለያዎቹ ሲሳቡ ልጆቹ የየራሳቸውን ክፍል ያገኛሉ። ቀለሙም ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ከነጭ፣ ከግራጫና ከጥቁር ጋር ነው። የዚያን ጊዜ የከተማው ደንብ እንዲህ ያለ ክፍል ስለማያውቅ ላይኛው ፎቅ በፕላኑ ላይ «ቆጥ» ተብሎ ነበር የተመዘገበው። ሴትዮዋ በ1985 እ.ኤ.አ. እስክትሞት ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል ኖረችበት። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህ ቤት ሁለት ነገር ያስተምረኛል። የመጀመሪያው፣ ሕያው ሰው ቤትን ለኑሮው የመቅረጽ ሙሉ ክብር እንዳለው ነው። ሽሮደር በዘመኗ የሚያውቃትን ሁሉ አስደንግጣ ነበር፤ ዛሬ ያስደነገጠችበት ነገር ቅርስ ሆኗል። ደፋር ቀለም የቀባ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ያሳዝነኛል። ቤቱ ሙዚየም እንዲሆን ሲጠገን ወደ 1920ዎቹ መልኩ እንዲመለስ ተደረገ፤ ባለቤቲቱ በረዥሙ ዘመኗ የጨመረችው ብዙ ነገር ተነሣ። ቤቱ ለሰው ኑሮ እየታጠፈና እየተዘረጋ እንዲለወጥ ተሠርቶ ሳለ፣ በመጨረሻ መለወጥ የተከለከለ ሆነ። የተጠበቀው ቤት የሠሪዎቹን ቅርጽ ጠበቀ፤ የሠሪዎቹን አሳብ ግን ከዘ።

ደግሞስ ተጣጣፊ ቤት ለእኛ የባዕድ ፋሽን ነውን? የገጠሩን መደብ አስቡት፤ ቀን የእንግዳ መቀመጫ፣ ሌሊት አልጋ ነው። በአዲስ አበባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ቡፌውን አዙሮ ግድግዳ ማድረግን፣ በመጋረጃ ሳሎንና መኝታ መለየትን፣ ለልጆች ቆጥ መሥራትን ማን እንዲያስተምረው ይፈልጋል? ፈረንጅ በመጽሔት ቀለም አትሞ የሚሸጠው ጥበብ ለእኛ የኑሮ ግዴታ ነበር። ልዩነቱ፣ እነርሱ ወደውና መርጠው ሲያደርጉት እኛ ቸግሮን ማድረጋችን ነው። ወጣቶቹ የፈለጉት፣ አያቶቻቸው ቸግሯቸው ያደረጉትን እነርሱ መርጠው ማድረግን ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀለምስ? ብዙዎቻችን ጥንት ማለት የደበዘዘ ማለት ይመስለናል። የጥንት ግሪኮች የእምነበረድ ሐውልቶቻቸውንና ቤተ መቅደሶቻቸውን ቀይና ሰማያዊ ይቀቧቸው እንደነበረ ዛሬ ተረጋግጧል። እኛ «የጥንት ንጽሕና» የምንለው ነጭነት ዝናብና ዘመን ያጠበው ቀለም ቅሪት ነው። በአገራችንም ሐረር ግቡ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር የሚሉት፣ ለየማዕረጉ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ ነደባዎች አሉት። የነደባው ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የሞቱትን ደም ያስታውሳል ይላሉ ሐረሪዎች። በየጊዜው ይቀባል፤ በተቀባ ቁጥር ይደምቃል። ልብ በሉ፤ በዚህ ቤት ትዝታ የሚጠበቀው አሮጌውን ቀለም ባለመንካት አይደለም፤ እንደገና በመቀባት ነው። ቀለሙ ይለወጣል፤ መታሰቢያው ይቀጥላል። ይኸው የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሆኖ ነው።

*

እንዲህ ካልን የቀረው ወሰኑን ማግኘት ነው። ሁሉም ለውጥ አንድ አይደለምና።

ቀለም ቀቢው በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ በብርጭቆ ወረቀት የመዳፍ ስፋት ያህል ሲፈገፍግ፣ ከአረንጓዴው ዘይት ቀለም ሥር ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሥር የገብስ ዓይነት ቢጫ፣ ከሁሉም ሥር የኖራ ነጭ ወጣ። አራት ዘመን በአንድ መዳፍ ላይ! ሰውዬው «ሁሉንም ልጣና ስቱኮ ልምታው፤ እንደ ሴራሚክ ነው የሚለሰልስላችሁ» አለ። በሙያው ትክክል ነው፤ የዛሬ ደንበኛ የሚፈልገው ይህንን ነው። ነገር ግን በአሮጌው ላይ መቀባትና አሮጌውን መላጥ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የተቀባበትን የሚመጣው ትውልድ ፍቆ ያገኘዋል፤ የተላጠውን ግን ማንም አይመልሰውም። አሮጌ ግድግዳ የራሱ ጠባይም አለው። በኖራ የተለሰነ ግንብ እርጥበትን ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ላዩን በሲሚንቶ ወይም አየር በማያሳልፍ ቀለም ከዘጉት እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ይቦረቡረዋል። በጎንደር የፋሲል ግቢ ላይ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና በኋላ መታረም ያስፈለገው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ለመጠገን የፈለገ ሰው የተጠገነውን አካል ጠባይ ማወቅ አለበት፤ ወጌሻም እኮ መጀመሪያ በጣቱ ዳሶ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወሰን ይህ ይመስለኛል፦ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊመልሰው የሚችለውን ለውጥ በድፍረት እናድርግ፤ ሊመልሰው የማይችለውን በፍርሃት። ደማቅ ቢጫ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ልባም የሚመስለው ለስላሳ ስቱኮ ነው፤ ጂፕሰም ኮርኒሱ፣ የተደበቀው መብራት፣ ሁሉንም ቤት አንድ ዓይነት ሆቴል የሚያደርገው ነገር ነው። ደፋር ቀለም ቢያንስ «እኔ ዛሬ የመጣሁ ነኝ» ብሎ ራሱን ይናገራል፤ አሮጌ መስሎ አያታልልም።

ሁለተኛው ወሰን የባለቤትነት ነገር ነው። ሕጉን የጠየቅን እንደሆነ መልሱ አጭር ነው። ቅርስ ሆኖ ለተያዘ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ መጠገን አይቻልም። ይህ ቤት ግን በቅርስነት አልተመዘገበም። የቀበሌ ቤት ነውና ወጣቶቹ የውስጥ መከለያውን ለመለወጥ ወረዳውን ጠይቀው ፈቃድ አገኙ። ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። «ግድግዳውን የመታችው ሴት ትፈቅዳለች ወይ?» የሚል ቅጽ የለም።

ሕግ የማይሞላውን ቦታ የሚሞላልን አንድ የቆየ ቃል አለን፤ እርሱም አደራ ነው። በዚህ ከተማ የብዙ አሮጌ ቤቶች ጥፋት የመጣው ማንም ሰው አደራ አለብኝ ስላላለ ነው። ተከራዩ «የእኔ አይደለም፤ ለምን እጠግነዋለሁ?» አለ። አከራዩ መንግሥት በጥቂት ብር ኪራይ የሚጠግንበት ገንዘብ አላወጣም። ቤቱም በሁለቱ መሐል ሃምሳ ዓመት ዘመመ። የእኔ አይደለም የሚለው ቃል የብዙ ክፋት መሸሸጊያ ነው። አደራ ግን ከባለቤትነት አይነሣም፤ እንዲያውም የእኔ ካልሆነ ነገር ላይ ነው የሚነሣው። የራሱን ገንዘብ የበላ አባካኝ ቢባል ነው፤ የሰው የበላ ግን አደራ በላ ይባላል።

ይሁንና አደራ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ሰው ብር ወይም ወርቅ በአደራ ቢያስቀምጥ፣ ተቀባዩ ሳይነካ ቆልፎ አቆይቶ እንደ ነበረ መመለስ ይገባዋል። ላም በአደራ ቢሰጥ ግን ሳይነካ ቢቆልፍባት ይገድላታል። ላም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትታለባለች፣ ትወልዳለች። የላም አደራ የሚጠበቀው በማኖር ነው። ባለቤቷ ሲመጣ ያገኛት ላም የተዋትን ያህል ወጣት አይደለችም፤ ከኋላዋ ግን ጥጃ አለ። ብዙ የቅርስ ተቆርቋሪዎቻችን ቤትን የብር አደራ ያደርጉታል። ብዙ አፍራሾች ደግሞ አደራ መሆኑን ራሱን ይክዳሉ። ሰው የሚኖርበት አሮጌ ቤት ግን የላም አደራ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የሚያድግ ሕፃን ባለበት ቤት «ምንም አትንኩ» ማለት ላሟን ቆልፎ እንደመጠበቅ ነው። የአያትን ትዝታ በአንድ ቀን ጠርጎ መጣልም ላሟን አርዶ ቆዳዋን እንደመመለስ ነው።

*

እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። አናጢው ኮምፔንሳቶውን ሲያየው አብዛኛው ምስጥ በልቶት አገኘው። በአሮጊቷ በኩል፣ ከአልጋዋ ራስጌ ያለው አንድ ቁራጭ ግን ደህና ነበር። ወጣቶቹ ከእርሷ ጋር ብዙ ቀን ተነጋገሩ። እኔ እስከማውቀው ድረስ አላሳመኗትም፤ እርሷም አላሸነፈቻቸውም። በመጨረሻ ተጣጣፊው በር ተሠራ። ያ ቁራጭ በበሩ መሐል ከነአሮጌ ቀለሙ ገባ፤ ቀሪው ቀይ ተቀባ። ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ቀለም አልተላጠም፤ በላዩ ላይ ቢጫና ሰማያዊው ተቀባ። ቀለም ቀቢው የፈገፈጋት የመዳፍ ያህል ቦታም እንዳለች ተተወች።

አሮጊቷ የመጀመሪያውን ቀን ብርሃኑ ወደ ቀኙ ክፍል ሲገባ ብዙ ሰዓት ተቀምጣ አየችው። «እርሷ ይህን ሳታይ» አለች፤ ባለ ቀኟን ማለቷ ነው። ቀጥላም አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ቀን ይከፈት፤ ማታ ማታ ግን ይዘጋልኝ።» እነሆ ማታ ማታ ይዘጋል። ይህ ጥሩ ፍጻሜ ነው ብዬ አልደመድምም። ግድግዳው እንደ ነበረ የለም፤ የነበረበትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጉድለቱን ያየዋል። አንድ ነገር ጠፍቷል፤ ለጠፋውም ነገር «አልጠፋም» ማለት ውሸት ነው። የወጌሻ እጅ የነካው እግር ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዛል ብለን የለም? ሕመሙ ጥገናው ክፉ ለመሆኑ ምስክር አይደለም፤ እግሩ የዚያው ሰው እግር ለመሆኑ ምስክር ነው።

ትዝታ የሚኖረው በዕቃ ውስጥ ነው ወይስ በሰው ውስጥ? የሚለውን ጥያቄ እንድፈታው የሚጠብቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሰው ብቻ ነው እንዳልል፣ ሰው ይሞታል፤ ያቺን ሌሊት የምታስታውስ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። በዕቃ ብቻ ነው እንዳልል፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ያንን ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ለማገዶ ያነሣዋል። የሚኖረው በሁለቱ መሐል ነው፤ ዕቃውን አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በሚጠይቅ ልጅና መልሱን በሚያውቅ ሽማግሌ መሐል። ጥሩ ጥገና ማለት ልጁ እንዲጠይቅ አንድ ነገር መተው ማለት ነው። ሁሉ አዲስ ከሆነ የሚጠይቀው የለም። ሁሉ አሮጌ ሆኖ ከቀረም ልጁ ለመውጣት እንጂ ለመጠየቅ አይቸኩልም። በደማቅ ቀይ በር መሐል የቀረ አንድ የጠቆረ ቁራጭ ግን ያስጠይቃል።

ወደ አዲስ ቤት የገባን ሰው ስንጎበኝ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። ቤት የተመረቀው ለጥጃ ነው፤ ገና ለሚወለደውና ለሚቦርቀው። በልማዳችን ይህን ምርቃት ለአዲስ ቤት ብቻ እናውለዋለን። እኔ ግን በሚገባ ለተጠገነ አሮጌ ቤት ይበልጥ የሚገባው ይመስለኛል። በአዲስ ቤት ውስጥ እንቦሳው ገና ተስፋ ነው። በአሮጌው ቤት ውስጥ ግን ላሚቱም እንቦሳውም በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ።